የጊታር መቃኛ ያለው ክራር ለጓደኛሞች ጨዋታ ይሆናል?

ከጓደኞቼ ጋር ተሰብስበን ስንዘፍን የምጫወተው እኔ ነኝ። ክራሬን ከቀየርኩ ሰነበትኩ። አዲሱ ባለ ስድስት ክር ነው። ገበቴው ከእንጨት የተፈለፈለ፣ ፊቱ በቆዳ የተወጠረ፣ ክሮቹ ደግሞ ናይለን ናቸው። ከድሮው የሚለየው ቀንበሩ፣ ማለትም ክሮቹ ከላይ የሚታሰሩበት አግድም እንጨት ላይ ነው። በድሮው ክሩ ቀንበሩ ላይ በጨርቅ ይጠቀለልና ጨርቁን በእጅ እየጠመዘዙ ይቃኙታል። በአዲሱ ግን ለእያንዳንዱ ክር የጊታር መቃኛ፣ ማለትም እየዞረ ክሩን የሚያጠብቅና የሚያላላ ብረት ተገጥሞለታል። "ይሄ ብረት ይጠቅማል ወይስ ለጌጥ ነው?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፍ።

ለጓደኛሞች ጨዋታ ከሆነ ግዙት እላለሁ። ያለ ምንም ማመንታት።

ምክንያቴ ዘፋኞቹ ናቸው። ካሳ ተሰማን ወይም አስናቀች ወርቁን ሰምታችሁ ከሆነ፣ አንድ ክራርና አንድ ድምፅ ቤቱን እንዴት እንደሚሞሉት ታውቃላችሁ። ግን ራሱ እየዘፈነ ራሱ የሚጫወት ሰው ለገዛ ድምፁ አንዴ ከቃኘ ተገላገለ። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። አንዱ ጓደኛችን ወፍራም ድምፅ አለው፤ ዘፈኑን ከታች ነው የሚያነሳው። ከሱ ቀጥላ የምታወጣው ልጅ ደግሞ ድምጿ ቀጭን ነው። በሱ ቃና ዝፈኚ ብትባል የስንኙ መጨረሻ አይሰማም፤ ታች ወርዶ ይጠፋባታል። ስለዚህ ክሮቹን በሙሉ አንድ ድምፅ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ አለብኝ።

በጨርቁ ጊዜ ይሄ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አንዱን ክር ስታጠብቁት በርኩማው (ክሮቹ የሚያርፉበት፣ ቆዳው ላይ የቆመው ትንሽ ድጋፍ) ቆዳውን ትንሽ ይጫነዋል፣ ሌሎቹ ክሮች በዚያው ይላላሉ። እነሱን ስታስተካክሉ የመጀመሪያው ደግሞ ይዛባል። እስከዚያ አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ ሌላው ወሬ ይጀምራል፣ ሞቅ ያለው ጨዋታ ቀዘቀዘ ማለት ነው። በአዲሱም ቢሆን የክሮቹ መገፋፋት አልቀረም፤ ቆዳ ቆዳ ነው። ግን መቃኛው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚዞርና ባለበት ስለሚቆም ማስተካከሉ ቀላል ነው። ልጅቷ የትኛውን ዘፈን እንደምታወጣ ሳትወስን እኔ ጨርሼ እጠብቃታለሁ።

ቅኝት፣ ማለትም ዘፈኑ የሚሄድባቸውን አምስት ድምፆች አደራደር፣ መቀየር ላይ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ የሚነኩት ሁለት ድምፆች ብቻ ናቸው፤ ከአምስቱ ሦስተኛውና አምስተኛው ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ከማይነሩ ወደ አምባሰል ስትሄዱ ሁለተኛውን ግማሽ ድምፅ ታወርዳላችሁ፣ ሦስተኛውን አንድ ሙሉ ድምፅ ታወጣላችሁ። በቃ። ድሮ አምባሰል የሚፈልግ ሰው ሲመጣ "ቆይ በኋላ" ይባል ነበር፣ ያ በኋላ ደግሞ አይመጣም። አሁን የጠየቀው ሁሉ በተራው ይዘፍናል። ለኔ ይሄ ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት ግን ድምፅ በሚለካ ማሽን ብቻ አላምነውም፤ የመጨረሻውን በጆሮዬ ነው የማስተካክለው።

ስለ ማሽን ካነሳን፣ የስልክ መቃኛ ሰው በሞላበት ክፍል አይሠራም። ማይኩ ሳቁንም ወሬውንም ይሰማል። ቀንበሩ ላይ ቆንጥጦ የሚይዘውን ትንሹን መቃኛ ያዙ። እሱ የእንጨቱን ንዝረት ስለሚለካ ጫጫታው አይረብሸውም።

ድምፁስ? ድርድር ላይ፣ ክሮቹን በጣት አንድ በአንድ ስነካ፣ ደስ ይላል። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ በጣቴ ሁለት ሦስት ድምፅ ጣል ሳደርግ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ቶሎም አይሞትም። ጭብጨባ ሲነሳና ተቀባዮቹ በአንድ ድምፅ ሲገቡ ግን ድርድሩ ይዋጣል። ያኔ ወደ ግርፍ ነው መሄድ። በቀኝ እጅ እየገረፉ በግራው የማይፈለጉትን ክሮች ማፈን። ይሄ ክራር ግርፍ ላይ ትንሽ ይጮሃል፤ ፒኩ (መግረፊያው) ወፍራም ከሆነ ዘፋኙን ይሸፍነዋል። ለስላሳ ፒክ ይሻለዋል። ግርፉን ከበርኩማው ራቅ አድርጋችሁ ወደ ክሩ መሃል ብታመጡት ደግሞ ድምፁ ይለሰልሳል። ዘፋኙ ካልተሰማ ክራሩ ምን ያደርጋል?

የማልወድለት ነገርም አለ። ስድስቱ ብረቶች ቀንበሩን አክብደውታል። ጭን ላይ ሲቀመጥ ወደ ፊት ይደፋል፣ ግራ እጄ መጫወቱን ትቶ መደገፍ ይጀምራል። ማንገቻ የግድ ነው። አብሮት የመጣው ማንገቻ ደግሞ ቀጭን ገመድ ነው፤ ምሽቱን ሙሉ ለሚጫወት ሰው ትከሻ ይቆርጣል። ሰፋ ያለ የጨርቅ ማንገቻ አሠርቼለታለሁ።

ሌላው ዝዝታው ነው። አንዱን ክር ብቻ ስነካ ከላይ በኩል የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል። ቆዳው ይሆናል ብዬ ነበር፤ በኋላ ጣቴን መቃኛዎቹ ላይ አንድ በአንድ ሳሳርፍ አራተኛው ላይ ድምፁ ጠፋ። ትንሿ ብሎን ላልታ ነበር። በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ ጠበቅ፣ አለቀ። ግን ይሄን ሠሪው ቤት ሳይወጣ ማየት ነበረበት። ይሄን ያህል የተጠረበ እንጨት ላይ ብሎን ሳያጠብቁ መሸጥ ያሳዝናል።

ከቆዳው ጣጣ ደግሞ የጊታር መቃኛ አያድናችሁም። እርጥበት ባለበት ቀን ይላላል፣ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ሲደርቅ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ጨዋታው ከመጀመሩ ቀደም ብላችሁ ከቦርሳው አውጡትና ክፍሉን ይልመድ። እሳት አጠገብ ግን አታስጠጉት፤ የተወጠረ ቆዳ ይሰነጠቃል። የበርኩማውን ቦታ ቆዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፣ ክሮቹ ሲላሉ ይንሸራተታልና። አዲስ ናይለን መጀመሪያ ላይ እየተሳበ ስለሚያስቸግር፣ ክር የቀየራችሁ ቀን ለጨዋታ ይዛችሁት አትሂዱ።

ብቻችሁን፣ ለራሳችሁ ድምፅ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቅኝት የምትጫወቱ ከሆነ የጨርቁ ክራር ይበቃችኋል። ቀላልም ነው፣ ጭን ላይም ደህና ይቀመጣል። ለብዙ ሰው የምትጫወቱ ከሆነ ግን ይሄኛው። ስትገዙ ገበቴው ላይ በተቀረጸው ጌጥ አትያዙ። ሻጩን አስፈቅዱና አንዱን ክር አንድ ድምፅ አውርዳችሁ መልሱት፤ ከዚያ ስድስቱንም በኃይል ግረፉ። መቃኛው ሳይንሸራተት ከቆመና ከላይ ዝዝታ ካልሰማችሁ ውሰዱት።