«ዝገት በሌዘር እናጠፋለን» ለሚሏችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ወገን፣ ደብረ ብርሃንና አካባቢው የጭነት መኪና፣ የመጋዘን በር ወይም የብረት ውሃ ታንከር ያላችሁ ሁሉ ያ ቪዲዮ ሳይደርሳችሁ አልቀረም። አንዱ ሽጉጥ መሰል መሣሪያ ይዞ የዛገ ብረት ላይ ያበራል፣ ዝገቱ ብን ብሎ ይጠፋል፣ ከሥሩ ንጹህ ብረት ይወጣል። ማየት ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ችግሩ ከቪዲዮው ጋር የሚመጣው ውል ነው።

ውሉ እንዲህ ነው፦ በካሬ ሜትር አንድ ዋጋ፣ ግማሹ ቀብድ፣ «ከሌዘር በኋላ አንቲረስት (ከቀለም በፊት የሚቀባው ዝገት መከላከያ) አያስፈልግም፣ ቀለሙን ቀጥታ ቀቡት፣ አስር ዓመት አይነካም»። ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን አይሱዛቸውን በዚህ ውል አሠሩ። ክረምቱ ሲያልፍ የካሶኒው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ መጣ። ሊጠይቁ ሲሄዱ «ቀለምዎ ነው ችግሩ» አሏቸው። ጥሩ ቀለም ነበር፣ እኔ አውቀዋለሁ።

ለምን ተላጠ? ቀለም ለስላሳ ብረት አይወድም። የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ሳንድብላስት (አሸዋ ወይም ሌላ ጠንካራ ፍሬ በአየር ግፊት እየረጩ ብረት ማጽዳት) ሲሠራ ፍሬዎቹ ብረቱን እየመቱ በዓይን እምብዛም የማይለዩ ጉድጓዶች ይፈጥራሉ፣ ቀለሙም እዚያ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። ለኤፖክሲ ቀለም ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ሻካራነት ከ50 እስከ 75 ማይክሮን ነው፣ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ። ሌዘር ግን ዝገቱንና አሮጌ ቀለሙን በሙቀት ያተናል እንጂ ብረቱን ያን ያህል አይነካውም። ድሮ ሳንድብላስት የተደረገ ብረት ከሆነ የቀድሞው ሻካራነት ተገልጦ ይወጣል፣ ያ ጥሩ ነው። ለስላሳ ላሜራ ከነበረ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። እሱ ላይ ያለ አንቲረስት ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። በዚያ ላይ የኛ አገር ጠል አለ። በጥቅምትና በኅዳር ደብረ ብርሃን ላይ ራቁቱን ያደረ ብረት፣ በሌዘርም ይጽዳ በሳንድብላስት፣ ጠዋት እርጥብ ሆኖ ነው የምታገኙት፣ ዝገቱም ወዲያው ይጀምራል። የቀለም ሰዎች ብረቱ ጠል ከሚይዝበት የሙቀት መጠን ቢያንስ በ3 ዲግሪ ይብለጥ የሚሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ያጸዱትን ያን ቀን አንቲረስት ይቀቡት፣ ፀሐይ ወጣ ብላ ብረቱ ከሞቀ በኋላ።

ሌላው የማይነግሯችሁ የማሽኑን ዓይነት ነው። ሌዘር ሁለት ነው፣ ብርሃኑን እየቆራረጠ የሚረጨው ፐልስ እና ሳያቋርጥ የሚያበራው። ፐልሱ ለብረቱ የዋህ ነው፣ ግን ውድ ነው፣ ብዙዎቹ ከ100 እስከ 500 ዋት ናቸው፣ ወፍራም ቀለም ላይ ሥራው ይጎተታል። ሳያቋርጥ የሚያበራው ርካሽ ነው፣ 1500 ወይም 2000 ዋት ብለው ይኩራሩበታል፣ ነገር ግን ብረቱን ያግለዋል፣ ስስ ላሜራ ይጣመማል፣ ሰማያዊ የቃጠሎ ጥላም ይቀራል። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ስስ ዝገት ነው። በቀለም ላይ ቀለም የተደራረበበት አሮጌ ሻንሲ ግን ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ ሙከራውን እነሱ ይዘውት በመጡት ቁራጭ ላይ ሳይሆን በራሳችሁ ብረት ላይ፣ ያውም ወፍራሙ ቦታ ላይ አሠሯቸው።

ደግሞ ሕፃናት ከበው እያዩ ሲሠሩ አይቻለሁ፣ ይሄ አናደደኝ! የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ ዓይን አያየውም፣ ከብረቱ ነጥሮ ሲመለስ ግን ዓይን ያጠፋል። የፀሐይ መነጽር አያድንም፣ ለዚያው ሞገድ የተሠራ መነጽር ነው የሚያስፈልገው። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ጭሱን የሚስብ ማሽንም ያስፈልጋል። «አቧራ የለውም» ማለት «ጉዳት የለውም» አይደለም።

ሳንድብላስትም ቢሆን ቅዱስ አይደለም። የወንዝ አሸዋ የሚረጩ አሉ፣ አፋቸውን በሻሽ አስረው። የአሸዋው ብናኝ ሳንባን በጠባሳ ያደነድናል፣ ሲሊኮሲስ ይባላል፣ መድኃኒት የለውም፤ ብሪታንያ አሸዋን ለዚህ ሥራ የከለከለችው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። ጋርኔት (ጠንካራ የማዕድን ፍሬ) ወይም የብረት ፍሬ የሚጠቀም ፈልጉ። ኮምፕረሰሩንም እዩ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ደካማ ኮምፕረሰር እዚህ ይንጠራወዛል። ነጭ ጨርቅ ከአየር ማውጫው ፊት ያዙ፣ የዘይት ጠብታ ካያችሁ ያ ዘይት ብረታችሁ ላይ ይለጠፋል፣ ቀለሙም አይይዝም። ስስ የመኪና ላሜራ ላይ በኃይል ከረጩት ደግሞ ያጎብጡታል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለሻንሲ፣ ለካሶኒ፣ ለታንከርና ለመጋዘን ብረት ሳንድብላስት። ሌዘር ለፋብሪካ ቅርጽ ማውጫ (ሞልድ)፣ ለማርሽ ጥርሶች፣ ብየዳ ከመበየዱ በፊት ጫፍ ለማጽዳት፣ ሊፋቅ ለማይችል ስስ ዕቃ። እዚያ ላይ ብልጫው እውነት ነው።

ውል ከተፈራረማችሁ የማሽኑ ዓይነት፣ ምን ያህል ውፍረት ያለው ቀለም እንደሚነሳ፣ አንቲረስት ማን እንደሚቀባ ይጻፍ። ቀሪው ክፍያ ቀለሙ ደርቆ በቢላ ተጭሮ ከታየ በኋላ ይሁን። ቀብድ ከፍላችሁ ሌዘሩ ከተሠራላችሁ ደግሞ ቀለሙን ቀጥታ አትቀቡ፤ በቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት በደንብ ፍቁት፣ ብናኙን በቲነር ጥረጉ፣ በዚያው ቀን አንቲረስት ቀቡት። ካሶኒ ሙሉ እጅ ያደክማል፣ ግራይንደር ላይ የሚገጠመውን ክብ ወረቀት ተጠቀሙ።