የቡታጋዝ ምድጃ ለገጠሙልን የደሴ ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

በደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ የቡታጋዝ ምድጃ ገጣሚ ለቤተሰባችን ስለሠሩልን ሥራ በአደባባይ ላመሰግናቸው፣ ለሌላውም ሰው ልጠቁማቸው ወደድሁ። ስማቸው በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ ግን ከእርሳቸው ጋር አገናኘዋለሁ።

ባለሙያው ምድጃውን ከካርቶኑ ከማውጣታቸው በፊት የማዕድ ቤቱን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ለኩ፤ መስኮቱ ምን ያህል እንደሚከፈትም አዩ። ከዚያም ግድግዳው ተበስቶ የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ ካልተሠራለት ምድጃውን ከሲሊንደሩ ጋር እንደማያገናኙ በትሕትና፣ ነገር ግን በማያወላውል ቃል ነገሩን። ሌላ ሰው ቢሆን ገጥሞ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። የማመሰግናቸውም ከሁሉ በላይ ስለዚህ እምቢታቸው ነው።

ምክንያታቸው ሁለት ነው። በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ሲሆን፣ ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ሲያፈተልክ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወደ ወለሉ ወርዶ ዝቅ ባለው ቦታ ይተኛል። ቤታችን ተዳፋት ላይ የተሠራ በመሆኑ የማዕድ ቤቱ የኋላ ግድግዳ ከፊሉ አፈር ውስጥ ነው፤ በደሴ እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ብዙ ነውና ይህን ልብ ቢለው መልካም ነው። ባለሙያው አንዱን ቀዳዳ ከወለሉ ጥግ፣ ወደ ቁልቁለቱ በሚያየው ግድግዳ ላይ አወጡት፤ ሲሊንደሩንም ከፍሳሽ መውረጃው አርቀው ውጭ አቆሙት።

ሁለተኛው የሚቃጠለው ጋዝ የሚፈልገው አየር ነው። 1 ኪሎ ግራም ጋዝ በሚገባ ለመቃጠል በባሕር ጠለል ላይ 12 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በሆነችው ደሴ ግን አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ መጠኑ ከዚህ ይበልጣል። በዚያ ላይ ብርዱ ሲበረታ መስኮቱን ዘግተን በበሩ ሥር ጨርቅ የምንወትፍ ሰዎች ነን። አየር ሲያንስ የሚፈጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጋዙ ሲያፈተልክ እንዲታወቅ የተጨመረበት ሽታም ከዚህኛው አያስጠነቅቅም። እናቴ በዚያው ክፍል ከሰል አቀጣጥላ ቡና እንደምታፈላ ሲሰሙም፣ ቀዳዳው የተሠራው ለምድጃው እንጂ ለከሰሉ እንዳልሆነ አጥብቀው ነገሯት።

ስለ ስፋቱ፣ ሙያውን ዓረብ አገር ሳሉ የተማሩት እኚህ ሰው የእንግሊዝን አገር መመዘኛ እንደ መነሻ ይጠቀማሉ። በዚያ መመዘኛ የቤት ምድጃ የሚገጠምበት ክፍል የሚከፈት መስኮት ሊኖረው ይገባል፤ ክፍሉ ከ5 ሜትር ኩብ ካነሰ 100፣ ከ5 እስከ 10 ሜትር ኩብ ከሆነ 50 ካሬ ሴንቲሜትር የማይዘጋ ክፍተት ይጨመርበታል። የእኛ ክፍል 9 ሜትር ኩብ ስለማይሞላ 50 ይበቃው ነበር፤ እርሳቸው ግን የአገሩን አየርና የእኛን መስኮት የመዝጋት ልማድ አስበው ከላይም ከታችም 100 ካሬ ሴንቲሜትር አደረጉት። የሚቆጠረው አየር የሚያልፍበት ክፍተት ብቻ በመሆኑ፣ በቀዳዳው ላይ የሚገጠመው የብረት ፍርግርግ የሚይዘውን አስልተው ብሎኬቱን 15 በ15 ሴንቲሜትር በሱት። የዝንብ ወንፊት እንዲደረግበት ብንጠይቃቸውም፣ በቅባትና በአቧራ ተደፍኖ ቀዳዳውን ከንቱ ያደርገዋል ብለው አልተቀበሉንም።

ወንድሜ የገዛው ጭስ መሳቢያ በቀዳዳው ፈንታ ያገለግል እንደሆነም ጠይቀናቸው ነበር። የእኛው ዓይነት በማጣሪያዎቹ ቅባቱንና ሽታውን ይዞ አየሩን መልሶ ወደ ክፍሉ የሚለቅ ስለሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድን እንደማያስወጣ አስረዱን፤ ወደ ውጭ የሚያወጣው ዓይነት ቢሆን እንኳ በሚያወጣው ምትክ የሚገባ አየር ያስፈልገዋል። በመጨረሻም መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈተሹ፣ በርና መስኮቱን ዘግተው ሁሉንም እሳት አንድ ላይ ለኮሱ፣ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ መቆየቱንም ቆመው ተከታተሉ።

ዋጋቸው ከሌሎች ከፍ ያለ ነው፤ ግድግዳ መብሳቱ ግን በዚያው ሒሳብ ውስጥ አለ። አቧራውን የምታጸዱት እናንተ ናችሁና ዕቃችሁን አስቀድማችሁ ሸፍኑ። ተከራይ የሆነ ሰው ደግሞ የአከራዩን ፈቃድ ቀድሞ ይጠይቅ፤ ያለዚያ ሥራውን አይጀምሩም።