የጎንደሩ ስክሪን ሠሪ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የላፕቶፕና የስልክ ስክሪን የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። ሳላመሰግነው ብቀር ውለታው ይከብደኛል።

ኦፕቶሜትሪ (የዓይንና የእይታ ምርመራ ሙያ) ነው የምማረው። ለክፍል ገለጻ የደረሰኝ ርዕስ ኮርኒያን በፖላራይዝድ ብርሃን፣ ማለትም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚወዛወዝ ብርሃን፣ ስለማጥናት ነበር። ኮርኒያ ዓይናችን ፊት ላይ ያለው፣ እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለው ሽፋን ነው። መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚያች ስስ ነገር ውስጥ ግን ኮላጅን ከሚባል የፕሮቲን ክር የተሠሩ ከ200 በላይ ንጣፎች ተደራርበዋል። በአንዱ ንጣፍ ክሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ፤ የቀጣዩ ንጣፍ ወደ ሌላ። በተራ ብርሃን ይሄ ሁሉ አይታይም። እኔ ደግሞ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ሥዕል ይዤ መቆም አልፈለግኩም።

ወደ አንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር ፍለጋ ዞርኩ፤ እንዲህ ያለ ፊልም ስክሪን ላይ ይለጠፋል። አንድ ቦታ ከተበላሸ ስክሪን ላይ ፊልሙን ሽጡልኝ ብል «ቆሻሻ አንሸጥም» ብለው ሳቁብኝ። ይሄኛው ልጅ ግን ወንበር ሰጠኝና «ለምን ፈለግሽው?» አለኝ። ሁለት ፊልም ነበር የጠየቅኩት። «አንድ ይበቃሻል፤ ሌላውማ ላፕቶፕሽ ስክሪን ላይ ተለጥፏል እኮ» አለኝ። የአራተኛ ዓመት ተማሪዋ አፈርኩ።

ፊልሙን ላጠው፣ ሙጫውን ጠረገ፣ በስልኬ ካሜራ ልክ ቆረጠው። ላፕቶፑ ላይ ነጭ ገጽ ከፍተን፣ ስክሪኑ በስልኬ ውስጥ ጥቁር እስኪሆን ድረስ ፊልሙን ቀስ እያለ አዞረውና ለጠፈው። ከዚያ የራሱን ዓይን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። (በሌዘርም በፀሐይም እንዳትሞክሩት!) ብዙ ፎቶ አበላሸሁ። በመጨረሻ ዓይኑ ላይ ያረፈው የስክሪኑ ነጸብራቅ ጠፋና፣ ከሥሩ መስቀል የመሰለ ጥቁር ጥላ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ቀስተ ደመና ብቅ አለ።

ፎቶውን አይቶ «ታዲያ ይሄ ኤልሲዲ ነዋ!» አለ። እውነቱን ነው። ኤልሲዲ በሚባለው የስክሪን ዓይነት ውስጥ በሁለት ፊልም መሐል ብርሃኑን የሚያዞር ፈሳሽ ክሪስታል አለ፤ እዚህ መሐል የገባው ኮላጅን ነው። በክሩ ርዝመት የሚወዛወዘው ብርሃንና ክሩን አቋርጦ የሚወዛወዘው ፍጥነታቸው ይለያያል። ልዩነቱ በፊልሙ ሲያልፍ ቀለም ይሆናል። ኮርኒያው ወደ ጠርዙ ይወፍራል፤ ክሮቹም እዚያ ዙሪያውን ይከባሉ። ኬራቶኮነስ (ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት ሕመም) በያዘው ዓይን ይህ አደራደር ይዛባል፤ የኛ ሙያ ሰዎች ነገሩን የሚከታተሉትም ለዚህ ነው።

ለፊልሙ ሳንቲም አልተቀበለኝም። ስክሪን ሲሠራ ደግሞ ዋጋውን አስቀድሞ ይናገራል፤ የማይሆነውን «አይሆንም» ይላል። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የተሰበረ ስክሪን ቤታችሁ ካለ አትጣሉት፣ ውሰዱለት። የክፍል ጓደኞቼ ፎቶውን ካዩ ወዲህ ስድስት ፊልም አዘውታል፤ የሚላጥ ስክሪን አልቆበታል።