ለልጄ አፍንጫና ጆሮ መፍትሔ ለሰጡን ሐኪም የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ልጄን ያከሙልኝን ሐኪምና አብራቸው የምትሠራውን ሲስተር በአደባባይ ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴንም እንደ እኔ የአፍንጫ አለርጂን ጉንፋን መስሏቸው «ልጄን ጉንፋን አልለቃት አለ» እያሉ ከፋርማሲ ፋርማሲ ለሚመላለሱ የከተማችን ወላጆች የት መሄድ እንዳለባቸው መጠቆም እፈልጋለሁ። ሐኪሙ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሬ ስማቸውን ሳልጠቅስ አልፋለሁ።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሣ ስድስት ሰባት ጊዜ በተከታታይ ታስነጥስ፣ ውኃ የመሰለ ቀጭን ንፍጥ ይወርዳት፣ ዓይኗንና የጉሮሮዋን ጣሪያ ያሳክካት፣ ሌሊት ደግሞ አፍንጫዋ ስለሚታፈን አፏን ከፍታ ታንኮራፋ ነበር። የምንኖረው ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳንርቅ ነው፤ የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ግድግዳው እንዴት እንደሚሻግት፣ የታጠበ ብርድ ልብስ ሳይደርቅ ስንት ቀን እንደሚሰነብት መግለጽ አያስፈልገውም። እኔም ብርድ መስሎኝ ዳማ ከሴ ጨምቄ አጠጣኋት፣ ባሕር ዛፍ አፍልቼ በእንፋሎቱ አጠንኋት። አልሻል ሲላት ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኋት፤ እዚያም በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት፣ ከአምስቱ አንድም ጊዜ ግን የአፍንጫዋን ውስጥ መብራት ይዞ ያየላት ሰው አልነበረም። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የገዛሁላት የአፍንጫ ጠብታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተአምር መስሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ጠብታው ካልገባ ጨርሶ መተንፈስ አቃታት። አንዲት የምወዳቸው ጎረቤቴም «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አስቆርጪላት» ብለው አጥብቀው መክረውኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እጄን ያዝ አደረገኝ።

ወደ ሆስፒታሉ እንድሄድ ያስገደደኝ ግን አፍንጫዋ ሳይሆን ትምህርቷ ነበር። መምህሯ ጠርታኝ «ስጠራት አትመልስም፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው» አለችኝ። እኔም ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ከፍ ስታደርግ እየተቆጣሁ፣ ስጠራት ሳትመጣ ስትቀር ደግሞ እልኸኛ ሆነች እያልሁ ከርሜ ነበር። ልጅቷ ሳትሰማኝ ቀርታ መቆጣቴን ሳስበው ዛሬም ልቤን ያመኛል።

ሐኪሙ እንደ ገባን ማዘዣ ወረቀት አላነሡም። ከእኛ በፊት የነበሩትን አዛውንት በኦሮምኛ እያነጋገሩ፣ ደረጃውን ደግፈው ሸኝተው ተመለሱና ወንበራቸውን ወደ ልጄ አዞሩ። ከእኔ ይልቅ እርሷን ጠየቁ፦ «ጠዋት ነው ማታ የሚብስሽ? አልጋ ስታነጥፉስ? ትምህርት ቤት ስትሄጂ ይሻልሻል?» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና ከቤተሰቡ አስም ያለበት ሰው እንዳለ፣ ቤቱ ውስጥ ከሰልና ዕጣን ምን ያህል እንደሚጨስ፣ ፍራሹ የጥጥ መሆኑንና ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ባለቤቴ የሚሠራበት የቡና ማበጠሪያ አቧራ በልብሱ ወደ ቤት ይገባ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን በሩብ ሰዓት ጠይቀው ጨረሱ።

ከዚያ ምርመራው ቀጠለ። በአፍንጫዋ ድልድይ ላይ አግድም ያለችውን ቀጭን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ፤ አፍንጫዋን በመዳፏ ወደ ላይ ደጋግማ ከማሸቷ የመጣ መሆኑን፣ ከዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረትም በእንቅልፍ ማጣት ብቻ የመጣ ሳይሆን ከአፍንጫው መታፈን ጋር የተያያዘ መሆኑን ነገሩኝ። በመብራት ሲያዩት በአፍንጫዋ ውስጥ ያለው ሥጋ እንደ ጉንፋን ቀልቶ ሳይሆን ገርጥቶና አብጦ ነበር። ደረቷንም በጥንቃቄ አዳመጡ፤ የአፍንጫ አለርጂና አስም ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚሄዱ ደረትን ሳያዩ አፍንጫን ብቻ ማከም ጎደሎ ነው አሉኝ። በመጨረሻ ጆሮዋን ሲያዩ ዝም አሉ። ሲመቱት የሚርገበገብ ሹካ መሳይ ብረት አወጡና መጀመሪያ ከጆሮዋ ኋላ አጥንቱ ላይ፣ ቀጥሎ ከጆሮዋ ፊት ለፊት ያዙላት። «የቱ ይበልጣል?» ሲሏት «የኋላው» አለች። ጤነኛ ጆሮ የፊቱን አጉልቶ ይሰማል፤ የእርሷ መልስ ድምፅ በመሐል ጆሮ በኩል በደንብ እንደማያልፍ የሚያሳይ ነበር። ከታምቡሯ ኋላ ፈሳሽ ተጠራቅሟል፤ የአፍንጫው እብጠት አፍንጫንና መሐል ጆሮን የሚያገናኘውን ቀጭን ቱቦ ሲዘጋ እንዲህ ሊሆን ይችላል አሉኝ።

ያስረዱኝን ሁሉ ባልጽፍም ለሌላ ወላጅ ይጠቅማል የምለውን እነሆ። አለርጂ ማለት ሰውነት የማይጎዳውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋ የሚፈጠር ችግር ነው። በእርጥብ ቤት ውስጥ ዋነኛው ቀስቃሽ ብዙውን ጊዜ በፍራሽና በትራስ ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ የአቧራ ተባይ ነው፤ የሚያስነጥሰንም በዋነኛነት ኩሱ ነው። ሻጋታም ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ምልክቱ በሳምንት ከ4 ቀን በላይና ከ4 ተከታታይ ሳምንታት በላይ ከቆየ «ዘላቂ» ብሎ ይመድበዋል፤ እንቅልፍን ወይም ትምህርትን ካወከ ደግሞ ቀላል አይባልም። የልጄ ሁለቱንም ያሟላ ነበር። በክንድ ቆዳ ላይ ጥቂት የቀስቃሹን ፈሳሽ ጠብ አድርጎ በመርፌ ጫፍ በመንካት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ እብጠቱን የሚለኩበት ምርመራ መኖሩን ነገሩኝ። ለልጄ ግን ታሪኳና ያዩት ነገር እርስ በርሱ ስለተስማማ ሕክምናውን ለመጀመር አላስፈለጋትም።

ጠብታውን በዚያው ቀን አስቆሙን። እንዲህ ያለው የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ከአምስት ቀን በላይ ሲወሰድ አፍንጫውን መልሶ የሚዘጋው ራሱ መድኃኒቱ መሆኑን ስሰማ በጣም ደነገጥሁ። በምትኩ በአፍንጫ የሚነፋ፣ እብጠቱን የሚቀንስ የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ለማሳከኩ ሴትሪዚን፣ እንዲሁም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ የተበጠበጠ የጨው መታጠቢያ ታዘዘላት። ስቴሮይድ የሚለው ቃል አስፈርቶኝ ስጠይቃቸው፣ በአፍንጫ የሚነፋው መጠን በጣም ትንሽ እንደሆነና አብዛኛው እዚያው እንደሚሠራ፣ ቢሆንም የልጅቷን ቁመት በየቀጠሮው እንደሚለኩ ነገሩኝ። ለጆሮዋ ግን ምንም መድኃኒት አልሰጡም፤ ትኩሳትና ሕመም ከሌለ አንቲባዮቲክ እንደማይጠቅም፣ ፈሳሹ ብዙ ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ በራሱ እንደሚጠፋ፣ ካልጠፋ ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ማስገባት እንደሚታሰብ አስረዱኝ። ለመምህሯም ልጅቷ ከፊት ወንበር እንድትቀመጥ የሚጠይቅ ደብዳቤ በእጃቸው ጻፉልኝ። አለርጂ ያለበት ልጅ ሁሉ ጆሮው ይጎዳል ማለት እንዳልሆነም ደጋግመው ነግረውኛል።

ሲስተሯን ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የመድኃኒቱን አነፋፍ ያስተማረችን እርሷ ናት። ልጄን አንገቷን ትንሽ ወደ ፊት አስደፍታ፣ ለቀኝ አፍንጫ በግራ እጅ፣ ለግራ አፍንጫ በቀኝ እጅ አስይዛ፣ የጠርሙሱን ጫፍ ወደ መሐሉ አጥንት ሳይሆን በዚያው በኩል ወዳለው ጆሮ አቅጣጫ አስዞረቻት። መሐሉን የሚመታ ሰው አፍንጫው ሊደማ ይችላል። «በኃይል አትሳቢው እሺ፣ አበባ እንደምታሸች ነው» አለቻትና ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። መድኃኒቱ ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳየው ከቀናት አንዳንዴም ከሁለት ሳምንት በኋላ መሆኑን አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ በአራተኛው ቀን እጥለው ነበር።

ቤት ውስጥ ያረጀውን የጥጥ ፍራሽ አወጣን፤ አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በጣም በሞቀ ውኃ እናጥባለን፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ብርድ ልብሱ ይሰጣል፤ ባለቤቴም የሥራ ልብሱን ደጅ አውልቆ ይገባል። ዕጣኑንና ከሰሉን ወደ በረንዳ ማውጣት ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነበር፤ ቡና ያለ ዕጣን ምን ቡና ነው እያልሁ ቆይቼ ለልጄ ስል አደረግሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ያ የጠዋት ማስነጠስ ቀነሰ፤ አሁን አፏን ዘግታ ትተኛለች። በሦስት ወሩ ቀጠሮ ያ ብረት ከጆሮዋ ፊት ሲያዝ «ይሄኛው ነው የሚበልጠው» ስትል ሐኪሙ እጇን ጨበጧት። አለርጂው ጨርሶ ጠፋ አላልሁም፤ ክረምት ሲገባ ይነሣባታል፣ መድኃኒቱንም እንደ ታዘዘላት ትቀጥላለች።

ልጃችሁ ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥስ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ የሚያሽ፣ ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ በጉንፋንና በስንፍና ከመውቀሳችሁ በፊት ወደዚህ ክፍል እንድትወስዱት ከልቤ እመክራለሁ። ከአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ሪፈር ያዙ፤ የጤና መድን ካላችሁ ደብተሩን አትርሱ። እስከ አሁን የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ባዶ ጠርሙሱ ቢሆንም በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ የእኔን ልጅ ጠብታ ሐኪሙ ያወቁት ከዚያ ፌስታል ውስጥ አይተው ነው። ዶክተር፣ ሲስተር፣ ጽሑፌ ከደረሳችሁ፣ ልጄ አሁን ከበረንዳ ሆኜ ስጠራት ከጓሮ ትመልስልኛለች፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።