የማራካሽ ምንጣፍ ተራ፦ የእጅ ሥራውን ለመለየት

ሞሮኮ፣ ማራካሽ አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለው ምንጣፍ ተራ በጣም ደስ ይላል፤ ግን ዓይናችሁን ከፍታችሁ ግቡ። ሻጮቹ የናና ሻይ እየጋበዙ፣ ምንጣፉን አንድ በአንድ እየዘረጉ፣ «ሁሉም የበርበር ሴቶች የእጅ ሥራ ነው» ይሏችኋል፤ በርበሮች የአገሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ሁሉም አይደለም።

መጀመሪያ ገልብጡት። የእጅ ሥራ ከሆነ ቋጠሮዎቹ ከጀርባው ይታያሉ፣ መጠናቸውም ትንሽ ይለያያል። ጀርባው ላይ ጨርቅ በሙጫ ከተለጠፈ ተዉት። ዘርፉም የራሱ የድሩ ጫፍ እንጂ በኋላ የተሰፋ መሆን የለበትም። ሻጩን አስፈቅዳችሁ አንዲት ክር ብታቃጥሉ፣ የበግ ፀጉር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ሰው ሠራሹ ግን እንደ ፕላስቲክ ይቀልጣል።

እኔ የወደድኩት የቤኒ ኡራይን የተባሉትን የበርበር ጎሳዎች ምንጣፍ ነው። ከመካከለኛው አትላስ ተራሮች የሚመጣ፣ ቀለም ያልተነከረ ነጣ ያለ ሱፍ ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ያለበት፣ ወፍራምና እግር የሚያሞቅ ምንጣፍ ነው።

አንድ ሱቅ ግን አናዶኛል። ቀዩን ምንጣፍ በእርጥብ ሶፍት ስነካው ቀለሙ ለቀቀ፤ ሻጩ «ጥንታዊ ስለሆነ ነው» አለኝ። ወራት ፈጅተው በእጃቸው የሚሠሩት ሴቶች ገበያ እንዲህ መበላሸቱ ያሳዝናል።

ጊዜ ካላችሁ በምንጣፍ ሥራዋ እስከምትታወቀው ታዝናኽት ከተማ ድረስ ሄዳችሁ ከሸማኔዎቹ ማኅበራት ግዙ።