ቦይለሩ ጥሩ፣ ዙሪያው ደካማ፦ የቤት እንፋሎት ቦይለር ቅየራ አገልግሎት ሲመዘን

ቤትን በእንፋሎት የሚያሞቅ ቦይለር ሲቀየር ገንዘብ የሚወጣው ለሁለት ነገር ነው። አንዱ ፋብሪካ ሠርቶ የሚልከው ብረት ነው፤ ሌላው ኮንትራክተሩ ምድር ቤት ወርዶ በእጁ የሚሠራው ቧንቧ ነው። ብረቱ ከየትኛውም ስመ ጥር አምራች ቢመጣ ብዙ አይለያይም። ቧንቧው ግን እንደ ሠሪው ነው፤ እንፋሎቱ ደርቆ ራዲያተሮቹ (ክፍሎቹን የሚያሞቁት ብረቶች) ጋ መድረሱም ሆነ ውሃ አዝሎ ቧንቧውን መደብደቡ የሚወሰነው እዚያ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው ብራንዱን ትተን አገልግሎቱን ነው።

ባጭሩ ፍርዳችን ይህ ነው። አሮጌውን ነቅሎ በማውጣት፣ ጋዝና ኤሌክትሪክ በማገናኘት፣ ቦታውን ጠርጎ በመሄድ አብዛኛው ኮንትራክተር ጥሩ ነው። በመለካት ደካማ ነው። በቧንቧ ሥራ መካከለኛ ነው፣ ያውም ቦታው ሲመቸው። ከተከላ በኋላ መሠራት ያለበት የዘይት ማጽዳት ደግሞ ባለቤቱ ካልጠየቀ የለም ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ ቅየራ ማስፈለጉ ይጣራ። ውሃ ሲንጠባጠብ ያየ ሁሉ «አልቋል» ይላል። የሚያፈሰው የውሃ ልክ ማሳያው መስታወት ማሸጊያ ወይም የደህንነት ቫልቩ ከሆነ ግን ጉዳዩ የትንሽ ጥገና ነው። ብረቱ መበሳቱን የሚያረጋግጠው ፈተና ቀላል ነው፦ ቦይለሩ ጠፍቶ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ከተለመደው ልክ በላይ፣ እስከ አናቱ ድረስ ውሃ ይሞላና ጥቂት ሰዓት ይጠበቃል። እሳት ቤቱ ውስጥ ውሃ ከወረደ በእርግጥ አልቋል። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ከውሃው ልክ በላይ ስለሚሆን በመደበኛው ልክ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ የሚጎድለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ከጭሱ ጋር ይወጣል። በብርድ ቀን የጭስ ማውጫው ወፍራም ነጭ እንፋሎት ሲተፋ መጠርጠር የሚገባው ለዚህ ነው። ፈተናው በትኩስ ቦይለር ላይ ፈጽሞ አይሠራም፤ ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ብረትን ይሰነጥቃል።

ብረቱ ከተበሳ ቀጣዩ ጥያቄ ለምን ተበሳ የሚለው ነው። ይህን የማይጠይቅ ኮንትራክተር አዲሱንም ለተመሳሳይ ሞት ያዘጋጀዋል። የእንፋሎት ሥርዓት ያንኑ ውሃ እየደጋገመ ማፍላት አለበት። የሆነ ቦታ ካፈሰሰ በየጊዜው አዲስ ውሃ ይገባል፤ አዲስ ውሃ ኦክስጅን ይዞ ይመጣል፤ ኦክስጅን ብረት ይበላል። ዋናው ተጠርጣሪ ከራዲያተሮቹ ውሃ ሆኖ የሚመለሰውን ወደ ቦይለሩ የሚያመጣው፣ ወለል ስር የተቀበረው የመመለሻ ቧንቧ ነው፤ ማንም አያየውምና። ቦይለር ሲቀየር ያ ቧንቧም ከወለል በላይ እንዲዘረጋ በፕሮፎርማው ላይ ዋጋው ለብቻ ይጠየቅ።

መጠን ላይ እንቆይ፤ ገንዘብ በብዛት የሚባክነው እዚህ ነው። ኮንትራክተሩ የአሮጌውን ቦይለር ታርጋ አንብቦ ያንኑ ቁጥር ከጻፈ የቀድሞውን ሰው ስህተት ወርሷል። የቤቱን ስፋት ጠይቆ የሙቀት ብክነት ካሰላም ለሙቅ ውሃ ሥርዓት የሚበጀውን ስሌት ያለቦታው አምጥቷል። በእንፋሎት ቤት የሚለካው ራዲያተር ነው፣ ምክንያቱም ቦይለሩ ሁሉንም ራዲያተሮች በእንፋሎት መሙላት አለበት፤ ከዚያ ያነሰው አያዳርስም፣ የበለጠው መሄጃ የለውም። ሰውየው ክፍል ለክፍል ዞሮ የእያንዳንዱን ራዲያተር ቁመት፣ የዓምዱን ብዛትና የክፋዩን ብዛት ይመዘግባል። ለምሳሌ ቁመቱ 38 ኢንች የሆነ ባለ 3 ዓምድ ራዲያተር እያንዳንዱ ክፋይ 5 ካሬ ጫማ ሙቀት መስጫ ይቆጠርለታል፤ 10 ክፋይ ካለው 50 ካሬ ጫማ ነው። አንድ ካሬ ጫማ በሰዓት 240 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ይሰጣል፤ ያ ራዲያተር እንግዲህ 12,000 ቢቲዩ ነው። የቤቱ ራዲያተሮች ድምር 300 ካሬ ጫማ ቢሆን 72,000 ቢቲዩ ይመጣል። ቧንቧዎቹን ለማሞቅ የሚሄደው ሲታከልበት፣ ማለትም በ1.33 ሲባዛ፣ ከቦይለሩ መውጣት ያለበት ወደ 96,000 ቢቲዩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ታርጋው ላይ በካሬ ጫማ የተጻፈው የእንፋሎት አቅም ያንን 1.33 አስቀድሞ ቀንሶ የተጻፈ ነው። ስለዚህ የራዲያተሮቹ ድምር በቀጥታ ከታርጋው ካሬ ጫማ ጋር ይነጻጸራል፤ ሌላ መጠባበቂያ አይጨመርበትም። «ለማንኛውም አንድ ቁጥር ከፍ እናድርገው» የሚለው አባባል ደግነት ይመስላል እንጂ ትርፉ ጉዳት ነው፦ ቦይለሩ ቶሎ ግፊት ይሞላና ይጠፋል፣ ወዲያው ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ነዳጅ ይበላል፣ መቆጣጠሪያዎቹም ያረጃሉ። ራዲያተር ሳይቆጥር ዋጋ የሚሰጥ ኮንትራክተር በሌላው ሁሉ ጎበዝ ቢሆን እንኳ ከዝርዝር ቢወጣ አያስቆጭም።

ወደ ቧንቧው እንምጣ። ከቦይለሩ አናት እንፋሎቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚያከፋፍለው ሄደር የሚባለው አግድም ቧንቧ ነው። ከውሃው ልክ ቢያንስ 24 ኢንች ከፍ ማለት አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ከሚፈላው ውሃ የሚረጨው ጠብታ ሳይለይ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። የአምራቹ መመሪያ ከቦይለሩ ሁለት ሽቅብ ቧንቧ ካለ ሁለት ነው፤ አንዱን ደፍኖ በአንዱ መሥራት የእንፋሎቱን ፍጥነት ያበዛና ውሃውን ጠልፎ እንዲወስድ ያደርገዋል። ቅደም ተከተሉም አይገለባበጥም፦ መጀመሪያ ከቦይለሩ የሚወጡት፣ ቀጥሎ ወደ ቤቱ የሚሄደው፣ በመጨረሻ ውሃውን ወደ ታች የሚመልሰው ኢኳላይዘር። ወደ ቤቱ የሚሄደው በሁለቱ ሽቅብ ቧንቧዎች መካከል ከተተከለ እንፋሎት ከግራና ከቀኝ ይጋጭበትና ውሃ ይዞ ይወጣል። ይህ ስህተት በፎቶ ሲታይ ንጹሕና ያማረ ሥራ ይመስላል፤ ባለቤቱ ባያውቀው አይፈረድበትም።

ሁሉም በጥርስ የሚታሰር ጥቁር ብረት ይሁን። መዳብ በሙቀት ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል፣ የተበየደው መጋጠሚያም በየቀኑ መሞቅና መቀዝቀዝ ሲደጋገምበት ይላቀቃል። በብረቱም ቢሆን ሽቅብ ቧንቧዎቹ ከሄደሩ ጋር የሚገናኙት በሁለት ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) ተጠምዝዘው ነው፤ ሄደሩ ሲለጠጥ ጎሚቶው ጥርሱ ላይ ትንሽ ይዞራል። ያ ከሌለ የሚገፋው የቦይለሩን የብረት ክፋዮች ነው።

የመመለሻው ውሃ ከኢኳላይዘሩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ የሃርትፎርድ ሉፕ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1919 ካስፋፋው የቦይለር ምርመራና ኢንሹራንስ ኩባንያ ነው። ጥቅሙ የመመለሻ ቧንቧ ቢቀደድ ቦይለሩ ውሃውን በሙሉ እንዳያጣ መጠበቅ ነው። መጋጠሚያው ከውሃው ልክ ከ2 እስከ 4 ኢንች ዝቅ ይላል፣ የሚያገናኘውም በጣም አጭር ኒፕል (ሁለት ጫፉ ጥርስ ያለው የቧንቧ ቁራጭ) መሆን አለበት። ረጅም ኒፕል ከገባ እንፋሎት እዚያ ውስጥ ከውሃ ጋር ይላተማል፤ ቤቱ ሌሊት የሚሰማው ድብደባ ብዙ ጊዜ ከዚህች ቁራጭ ነው።

ፕሮፎርማ ላይ ፈጽሞ የማይጻፍ ሌላ ነገር የአዲሱ ቦይለር የውሃ ልክ ነው። አዳዲሶቹ ብዙውን ጊዜ ከአሮጌዎቹ ያጥራሉ፣ የውሃ ልካቸውም ዝቅ ይላል። ቀድሞ በውሃ ተሞልቶ ይኖር የነበረ የመመለሻ ቧንቧ ያኔ ደርቆ እንፋሎት ይገባበታል። አዲስ ቦይለር ገብቶ ቤቱ ከበፊቱ የባሰ ከጮኸ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ከተከላ በፊት፦ የአሮጌው ቦይለር የውሃ ልክ ግድግዳ ላይ ምልክት ይደረግና አዲሱ በብሎኬት ላይ ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል። ራዲያተሮቹ በአንድ ቧንቧ የሚሠሩ ከሆነ ከውሃው ልክ እስከ ዋናው የእንፋሎት ቧንቧ ዝቅተኛ ጫፍ ቢያንስ 28 ኢንች መኖር አለበት። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ 1 ፒኤስአይ (በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የአንድ ፓውንድ) ግፊት ወደ 28 ኢንች የሚጠጋ የውሃ ዓምድ ይሸከማል።

የጭስ ማውጫውን በአጭሩ እንለፈው፦ አዲሱ ቦይለር ካነሰ ማውጫው ሊሰፋበትና ውስጡ የሚገባ ጠበብ ያለ ቧንቧ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ተከላው ሲያበቃ የቃጠሎ መለኪያ ተሰክቶ የካርቦን ሞኖክሳይድ ንባቡ በወረቀት ይሰጥ። በአሮጌ ቧንቧ ላይ ያለ ነጭ ሽፋን ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል ሠራተኛው በቢላ እንዳይነካው፤ ማንሳቱ የተፈቀደለት ባለሙያ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም የእንፋሎት ቧንቧ 1 ኢንች ውፍረት ባለው ፋይበርግላስ ይለበሳል።

አሁን ወደ ተረሳው ሥራ። አዲስ ቧንቧ ጥርስ ሲወጣለት በዘይት ነው፤ አዲሱም ብረት ከፋብሪካ ዘይት ይዞ ይመጣል። ያ ዘይት ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሲፈላ አረፋ ያስነሳል። መስታወቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከአንድ ኢንች በላይ ከወጣና ከወረደ ወይም ከልኩ በላይ ያለው መስታወት በጠብታ ከራሰ ዘይት አለ ማለት ነው። ከታች በኩል ማፍሰስ አይጠቅምም፣ ዘይቱ ያለው ከላይ ነውና። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ውሃው ሞቆ፣ ግን ሳይፈላ፣ በውሃው ልክ ላይ ባለው የጎን ቀዳዳ በኩል እንደ እርሳስ ቀጭን ሆኖ ለብዙ ሰዓት እንዲፈስ ይደረጋል፤ በዚያው ልክ ቀስ ብሎ አዲስ ውሃ ይገባል። ሲያበቃ ኦክስጅኑ እንዲወጣ ወዲያው ይፈላል። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ኮንትራክተሩ ያንን ቀዳዳ በቡሽ ደፍኖ ሄዶ ከሆነ ማጽዳት አላሰበም ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ቧንቧና ቫልቭ መኖር አለበት።

መቆጣጠሪያው ላይ ብዙ አንል። የቤት ቦይለር የደህንነት ቫልቭ የሚከፈተው በ15 ፒኤስአይ ነው፤ ያ ግን የመጨረሻ መከላከያ እንጂ የሥራ ግፊት አይደለም። የግፊት መቆጣጠሪያው በ0.5 ተነስቶ በ1.5 ፒኤስአይ እንዲጠፋ ይስተካከላል። ግፊት መጨመር ቀዝቃዛ ክፍል አያሞቅም። የሩቁ ራዲያተር የሚዘገየው አየሩ መውጫ ስላጣ ነው፤ ስለዚህ ፕሮፎርማው በዋናው ቧንቧ ጫፍ ላይ አዲስ የአየር ማስወጫ መጨመሩን ያሳይ። ማስወጫው ከመጨረሻው ጎሚቶ 15 ኢንች ያህል ወደ ኋላ ተስቦ በአጭር ኒፕል ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ውሃ ስለማይመታው ዕድሜ ያገኛል። ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋው መሣሪያ ተንሳፋፊ ከሆነ በየሳምንቱ ታጥቦ ይፈተሻል፤ ባለ ዘንግ ከሆነ ዘንጉ በየዓመቱ ይጸዳል። የትኛው እንደሚገጠም አስቀድሞ ይጠየቅ፣ ሥራው የባለቤቱ ይሆናልና።

ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት እንግዲህ ይህ ነው፦ የራዲያተሮቹ ዝርዝርና ድምር፣ የሄደሩ ቁመትና የቧንቧው ውፍረት በአምራቹ መመሪያ መሠረት መሆኑ፣ የጥቁር ብረቱ ጉዳይ፣ ሁለት ጊዜ ማጽዳት፣ ፈቃድና ምርመራ የማን ኃላፊነት እንደሆነ። ብዙ አምራቾች ቧንቧው ከመመሪያቸው ውጭ ከተሠራ ወይም ከልክ ያለፈ አዲስ ውሃ ከገባ ዋስትናውን አይቀበሉም፤ ስለዚህ «እኛ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው» የሚለው መልስ መመሪያውን አይተካም። ጊዜው ከብርድ ወራት በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ቤቱ ሲቀዘቅዝ የሚጠራ ኮንትራክተር ለመለካት ትዕግሥት የለውም፣ ባለቤቱም ለመደራደር ጊዜ የለውም።

ክፍያው በሦስት ይከፈል፦ ቀብድ፣ ቦይለሩ እንፋሎት ሲሰጥ አብዛኛው፣ ቀሪው ከሁለተኛው ማጽዳት በኋላ። አውቶማቲክ ውሃ ጨማሪ ከተገጠመ ቆጣሪ ያለው ይሁን። ቆጣሪው ያለማቋረጥ የሚጨምር ከሆነ አንድ ቦታ እያፈሰሰ ነው፤ ቀሪው ገንዘብ ሳይለቀቅ ኮንትራክተሩ ተጠርቶ ቀዳዳውን ይፈልግ።