ፎቶ በሸራ ለማሳተም፦ ጥጥ ወይስ ፖሊስተር?

ደብረ ብርሃን ላይ የሠርግ ፎቶውን በሸራ ሊያሳትም የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። እኔ ግን ከዋጋው በፊት ጨርቁን ጠይቁ እላለሁ።

ፖሊስተር ረከስ ይላል። እርጥበት ብዙም አይለውጠውም። ለአንድ ሰሞን ዝግጅት ወይም ለሱቅ ማስታወቂያ ይበቃል። ነጭነቱ ዓይን ይስባል፤ ያ ድምቀት ግን ብዙ ጊዜ ከማንጫ ኬሚካል የመጣ ነው። ኬሚካሉ ሲደክም ነጩ ወደ ቢጫ ያደላል።

ጥጥ ሌላ ነው! ሽመናው ይታያል፤ የፊት ቀለም ለስለስ ብሎ ይወጣል፤ የጥበብ ቀሚስ ጥለት ነፍስ ይዘራል። ችግሩ፣ እርጥበቱ በተለዋወጠ ቁጥር ውጥረቱም ይለዋወጣል። ክረምት አልፎ ከረገበ፣ ከፍሬሙ ጀርባ ማዕዘኖቹ ላይ ሽብልቅ አስገብቶ መወጠር ነው።

ከሁለቱም በላይ ግን ወሳኙ ቅቡ፣ ማለትም ሸራው ላይ ቀለሙን እንዲይዝ የሚቀባው ሽፋን ነው። ቁራጭ አሳትሙና ሲደርቅ ጠርዙን እጠፉት። ነጭ ስንጥቅ ካሳየ ይቅርባችሁ፤ ፍሬም ላይም እንደዚያው ይሰነጠቃል። የሸራው ክብደት በካሬ ሜትር ከ340 እስከ 400 ግራም ቢሆን ደስ ይለኛል። የማተሚያው ቀለምም ፒግመንት (ደቃቅ ቅንጣት ያለው) ይሁን፤ ዳይ (ፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ቀለም) ብርሃን ላይ ቶሎ ይደበዝዛል።

ለሳሎን ግድግዳ፣ ለዓመታት ለሚቀመጥ የቤተሰብ ፎቶ፣ ትንሽ ጨምራችሁ ጥጡን ውሰዱ።